ዋርፋሪን እየወሰድኩ ጣቴን ብቆረጥስ?

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ከተገጠመልኝ ጀምሮ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ሰሞኑን ሽንኩርት ስከትፍ ቢላው ጣቴን ቆረጠኝ። ደሙ አልቆም ሲል እናቴ የቡና ዱቄት ነሰነሰችበት። ፈርቼ የዚያን ማታና የማግስቱን ኪኒን ሳልውጥ ቀረሁ። ጥሩ አደረግኩ?
(አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ከጣትሽ ይልቅ ያስደነገጠኝ የኪኒኑ ነገር ነው። ቫልቩ ላይ ደም ከረጋ ሥራውን ሊያግደው ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ደግሞ ስትሮክ ያመጣል። ስለዚህ በራስሽ አታቋርጪ። የዘለልሽውን ለማካካስም ደርበሽ አትዋጪ። ዛሬውኑ ክትትል ለሚያደርግልሽ ሐኪም ንገሪና አይኤንአር ተለኪ፤ ይህ ደምሽ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ ከፍ ሲል ደሙ ቶሎ አይረጋም።

ወደ ጣትሽ ስንመጣ፣ ስንቆረጥ ቀድመው ቀዳዳውን የሚደፍኑት ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ናቸው። ዋርፋሪን እነሱን አይነካም። የሚቀንሰው ጉበት በቫይታሚን ኬ አማካኝነት የሚያዘጋጃቸውን የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ነው። ስለዚህ ድፍኑ ቶሎ አይጠነክርም። ቆመልኝ ስትዪ እንደገና የሚንጠባጠበው ለዚህ ነው።

መፍትሔው መጫን ነው። በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፣ እጅሽን ከፍ አድርጊ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳትገልጪ ቆዪ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ በየደቂቃው ገለጥ እያደረገ ያያል፣ የደረቀውን ያስለቅቀዋል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቢበት እንጂ አታንሺው። ቡናውን ለጀበናው ተዪለት፤ ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር የሚፈይደው የለም። ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልቆመ ወይም ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ጤና ተቋም ሂጂ። ጭንቅላትሽን ከተመታሽ ግን ደም ባይታይም ሳትውይ ሳታድሪ ታዪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በቅርቡ ሌላ መድኃኒት ወስደሻል? ፋርማሲ ስሠራ በየጊዜው የሚገጥመኝ ነው፤ ሰው ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል፣ ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ይጠይቃል። ዋርፋሪን እንደሚወስድ አይናገርም። ሜትሮኒዳዞል አይኤንአርን ሽቅብ ይሰደዋል። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ፕሌትሌቶቹን ያዳክማል፣ ጨጓራንም ያደማል። እንደ ቫልቭሽ ዓይነትና ቦታ ሐኪምሽ የሚፈልገው የአይኤንአር ቁጥር ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3፣ ወይም ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ ትንሽ ቁስልም አስቸጋሪ ይሆናል።

ጎመንም የራሱ ጣጣ አለው። በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ በጾም ሲበዛ አይኤንአር ይወርዳል፤ ፋሲካ ደርሶ ገበታው ወደ ሥጋ ሲዞር መልሶ ይወጣል። ጎመን ክልክል አይደለም። ብቻ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ መጠን ብዪ፤ አመጋገብሽ የሚለወጥ ከሆነም ቀደም ብለሽ ለክትትል ክፍሉ ንገሪያቸው።