ምጣኔው ከመወሰኑ በፊት ድረሱ

ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በከተማ ፋይናንስ ውስጥ ነው። በጀት አዘጋጅቻለሁ። ምክር ቤት ፊት ቆሜ አስረድቻለሁ። በንብረት ግብር የተቆጣ ባለጉዳይ ሲጮህም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አብዛኛው በቂ ምክንያት ነበረው። የሚመጣው ግን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እናንተ እንዳይረፍድባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

"ቤት የለኝም፣ ምን አገባኝ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ግብር የጨመረበት አከራይ ቢያንስ ከፊሉን ቀስ በቀስ ኪራዩ ላይ ይጥለዋል። ተከራይም ከፋይ ነው፤ ወረቀቱ በስሙ ስለማይመጣ አይታወቀውም እንጂ።

ስሌቱን እወቁት፣ ከባድ አይደለም። ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ የንብረቱ ግምትና የግብር ምጣኔው። በብዙ ከተሞች መጀመሪያ የዓመቱ ወጪ ይደመራል። ከሌላ ምንጭ የሚገኘው ገቢ ይቀነሳል። የጎደለው ገንዘብ ለከተማው ንብረት ጠቅላላ ግምት ሲካፈል ምጣኔው ይወጣል። የጎደለው 50 ሚሊዮን፣ ጠቅላላ ግምቱ 10 ቢሊዮን ከሆነ፣ ምጣኔው ከእያንዳንዱ 1000 ላይ 5 ነው። 2 ሚሊዮን የተገመተ ቤት 10 ሺህ ይከፍላል።

የሁሉም ቤት ግምት በእጥፍ አደገ እንበል። ወጪው ካልተለወጠ ምጣኔው በግማሽ መውረድ አለበት፤ ባለቤቱም ያንኑ 10 ሺህ ይከፍላል። ምክር ቤቱ ምጣኔውን ሳይነካ ዝም ካለ ግን 20 ሺህ ይመጣበታል። "ምጣኔ አልጨመርንም" የሚለው ሹም አልዋሸም። የሚሰበስበው ገንዘብ ግን እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ የአምናውን ያህል ብቻ ለመሰብሰብ ምጣኔው ስንት መሆን ነበረበት? በአሜሪካ የዩታ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ይህን ቁጥር ማውጣት ሕግ ነው። ከዚያ በላይ መሰብሰብ የፈለገ አስተዳደር ለነዋሪው አሳውቆ በይፋ ማስረዳት አለበት። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበትም ጥያቄውን የሚከለክላችሁ የለም።

ግምቱንም ሳትመረምሩ አትለፉ። ቺካጎ ባለችበት ኩክ ካውንቲ ለዓመታት የርካሽ ቤቶች ግምት ከዋጋቸው አንጻር ከፍ፣ የውድ ቤቶች ግምት ደግሞ ዝቅ ብሎ እንደኖረ ጥናቶች አሳይተዋል። ይግባኝ ማለቱንም ይበልጥ የሚያውቁበት ሀብታሞቹ ነበሩ። የይግባኝ ጊዜ አጭር ነው። ጎረቤታችሁ ያሉትን አረጋዊ ቀኑ ሳያልፍ አግዟቸው።

ቁጣ ብቻውን ምን እንደሚወልድ ካሊፎርኒያ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1978 የግምት መናር ያስመረረው ሕዝብ ድምፅ ሰጠ። ምጣኔው ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተወሰነ። ጡረተኞች ቤታቸውን እንዳያጡ መፍራታቸው ተገቢ ነበር። ውጤቱን ግን ተመልከቱ። ጎን ለጎን የቆሙ አንድ ዓይነት ቤቶች የሚከፍሉት ግብር በብዙ እጥፍ ይለያያል። የከበደው ዘግይተው በገዙት ላይ ነው። ይህም በአብዛኛው ወጣቱ ማለት ነው።

የተሻለ መንገድም ታይቷል። ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 ነዋሪውን በጀት ወደ መወሰን አስገባች። ሰዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው የሚያስቀድሙትን መረጡ፤ ተወካይም ላኩ። ገንዘቡ ሲከፋፈል አገልግሎት የጎደለው ሰፈር የበለጠ ነጥብ እንዲያገኝ ደንብ ወጣ። ድሆች አስቀድመው የመረጡት ውኃና ፍሳሽ ማስወገጃን ነበር፣ ሥራውም ተሠራ። ልምዱን የተከተሉ የብራዚል ከተሞች ለጤናና ለንጽሕና ብዙ እንዳወጡ፣ የሕፃናት ሞትም እንደቀነሰ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እዚያው በተጀመረበት ከተማ ግን የፖለቲካው ፍላጎት ሲቀዘቅዝ አሠራሩ ተዳከመ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ተቋረጠ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በአንድ ከንቲባ በጎ ፈቃድ የመጣ ነገር በሌላው ፊርማ ይሄዳል። አሠራሩ ሕግ ሆኖ እንዲጻፍ ወትውቱ።

ኒው ዮርክና ፓሪስም ለነዋሪ ምርጫ የሚቀርብ ገንዘብ አላቸው። ደስ ይላል። ነገር ግን ከአጠቃላዩ በጀት ትንሽ ድርሻ ናት። አግዳሚ ወንበር የት ይቀመጥ ብላችሁ ስትመርጡ፣ ደመወዙ፣ ዕዳው፣ ጥገናው የሚወሰነው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ዓይናችሁ እዚያም ይሁን።

ታዲያ መቼ ትገባላችሁ? የሕዝብ ውይይት ተብሎ በሚጠራው ቀን ረቂቁ አልቋል፤ የሚነካካው ጥቂት ነው። ዋናው ሥራ ከወራት በፊት ይጀመራል። የበጀት ጥሪ፣ ማለትም መሥሪያ ቤቶች የሚፈልጉትን ገንዘብ እንዲያቀርቡ የሚጠይቅ ማስታወቂያ፣ ይወጣል፤ ሊያልፉት የማይገባ የገንዘብ ጣሪያ ይሰጣል፤ እነሱም ጥያቄያቸውን ያስገባሉ። ያኔ የመንገዱ ወይም የጤናው ክፍል ኃላፊ ዘንድ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የትኛው ቱቦ፣ ስንት ቤት ይጠቀማል፣ ከተሠራ በኋላስ ማን ይጠግነዋል? የመጨረሻውን የሚጠይቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ክሊኒክ ተገንብቶ ነርስ የሚቀጠርበት መደበኛ በጀት ሳይያዝለት ተዘግቶ ሲቆይ ያንገበግባል።

ከጸደቀ በኋላም አትበተኑ። በዓመቱ አጋማሽ ገንዘብ ከአንድ የወጪ አርእስት ወደ ሌላ ይዛወራል፣ ተጨማሪ በጀትም ይጸድቃል። ያኔ አዳራሹ ባዶ ነው። የአፈጻጸምና የኦዲት ሪፖርቱን ጠይቁ፤ የተፈቀደውንና በተግባር የወጣውን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ብቻችሁን አትጀምሩት። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ዘርፍ ያዙ፣ ዓመት ሙሉ ተከታተሉት። ስብሰባው በሥራ ሰዓት ከሆነ ወደ ማታ ወይም ወደ ቅዳሜ እንዲዛወር በጽሑፍ አመልክቱ፤ የቀን ሠራተኛውና ሕፃን የያዘችው እናት የሚመጡት ያኔ ነው። አሁኑኑ ደግሞ ደውላችሁ የሚቀጥለው የበጀት ጥሪ በየትኛው ወር እንደሚወጣ አጣሩ።