«አውቶብሳችን ሊቋረጥ ነው» ላለችን እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የምትኖሪው እንግሊዝ ነው፣ ከለንደን ውጭ። ማታ ከምትሠሪበት ኬር ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ስትወጪ የምትሳፈሪበት አውቶብስ ሊቆም ነው። ኩባንያው «አያዋጣኝም» አለ፣ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) «በጀት የለኝም» አለ። ሰፈርተኛው ፊርማ እያሰባሰበ ነው፣ አንቺ ደግሞ «ፊርማ ለውጥ ያመጣል ወይ?» ብለሻል። ያመጣል፣ ግን ብቻውን አውቶብስ አይመልስም። እኛም ሰፈር እንዲሁ ሆኖ ነበር። ከፊሉን አስመለስን፣ ከፊሉ ቀረ።

የእኛ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚጋባው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ነው። አገር ቤት አንበሳ አውቶብስ የከተማ አስተዳደሩ ነው፣ ድጎማውም ከዚያው ይመጣል። እዚህም እንደዚያ ይመስለናል። አይደለም። ለንደን ውስጥ መስመሩንም ሰዓቱንም የሚወስነው የከተማዋ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ማንችስተርና አካባቢዋም ከ2023 ጀምረው በ2025 መጀመሪያ አውቶብሶቻቸውን መልሰው በራሳቸው እጅ አስገብተዋል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሪልኝ)። በቀረው አብዛኛው አካባቢ ግን ከ1986 ወዲህ ኩባንያው ያዋጣኛል ያለውን መስመር ራሱ ይመርጣል፣ ካላዋጣው ይተወዋል። ካውንስሉ የሚገባው ኩባንያ በማይፈልገው ጉዞ ላይ ነው። ጨረታ አውጥቶ ገንዘብ ከፍሎ ያሠራዋል። ሕጉ የሕዝቡን ፍላጎት ተመልከት ይለዋል እንጂ ይህን ያህል አውጣ አይለውም። ኦክስፎርድሸር በ2016 ድጎማውን እንዳለ አቋርጦት ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው ይህን ነው፦ የሚቆመው ጉዞ ኩባንያው በራሱ የሚሠራው ነው ወይስ ካውንስሉ የሚከፍልበት? አንድ ቁጥር ያለው አውቶብስ ቀን ቀን የኩባንያው፣ ማታና እሑድ የካውንስሉ ሊሆን ይችላል። ሹፌሩም መኪናውም ያው ስለሆነ ተሳፋሪው አያውቅም። የሰዓት ሰሌዳው ግርጌ ላይ አንዳንዴ በትንሹ ይጻፋል። ካልተጻፈ በኢሜይል ጠይቂ። ኩባንያው በራሱ ያቆመው ከሆነ 70 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት፦ 28ቱን ቀን ለካውንስሉ፣ ከዚያ 42ቱን የአውቶብስ መስመሮችን ለሚመዘግበው ባለሥልጣን፣ ለትራፊክ ኮሚሽነሩ። ፌርማታው ላይ ወረቀት ተለጥፎ ስታዪ ካውንስሉ ቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። «ከሰማችሁ በኋላ ምን አደረጋችሁ?» ብለሽ ጠይቂ።

ደብዳቤው የሚሄድበትንም አጣሪ። የካውንስል ታክስ ቢል የሚልክልሽ ታችኛው፣ ዲስትሪክት ካውንስሉ ሊሆን ይችላል፣ አውቶብስ ግን ከእሱ በላይ ያለው የካውንቲው ካውንስል ጉዳይ ነው። በትልልቅ ከተሞች ደግሞ በከንቲባ የሚመራው ጥምር አስተዳደር ነው የሚመለከተው። ብዙ ሰው ለተሳሳተው ጽፎ ወር ሙሉ መልስ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ካውንስሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚወስነው አንድ ቁጥር ነው፦ በአንድ ተሳፋሪ ስንት ፓውንድ እንደጎማለን የሚለው። ውሉ በዓመት 60 ሺህ ፓውንድ ቢሆንና 10 ሺህ ጊዜ ሰው ቢሳፈርበት፣ በአንድ ጉዞ 6 ፓውንድ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ መስመሮቹ በዚህ ቁጥር ተደርድረው ይቀርባሉ፣ ከውዱ ጀምሮ ይቆረጣል። ፊርማ ይህን ቁጥር አይነካውም። የሚነካው ተሳፋሪ መጨመር ወይም ወጪ መቀነስ ነው። የቀረው ልፋታችን ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነበር።

ተሳፋሪ መጨመር ስል የግድ አዲስ ሰው አይደለም። ያሉትም አይቆጠሩም ነበር። እናቶቻችን የአረጋውያን ነጻ የአውቶብስ ፓስ አላቸው፣ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል (ሰዓቱን በእኛ ቁጠሪው) ጀምሮ ይሠራል። የጠዋቱ ሹፌር ደግ ሰው ነው። እማማ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፓስ ለመፍታት ሲታገሉ እሱ በእጁ «ግቡ፣ ግቡ» ይላቸዋል። ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይመርቁታል። ፓሱን የሚያነበው ማሽን ግን ምንም አላለም። በካውንስሉ ሪፖርት እማማ ያን ቀን አልተሳፈሩም! ኩባንያውም በፓስ ለተሳፈረ ሰው ከካውንስሉ የሚያገኘው ክፍያ አለ፣ እሱም አመለጠው። «ማሽኑ ሳይጮህ አትለፉ» ብለን ለየቤቱ ነገርን። አንዷ «ልጁ ከፈቀደልኝ ማሽኑን ምን አደርገዋለሁ?» ብለው ቆይተው ነበር። ያሳመናቸው ራሱ ሹፌሩ ነው።

ወጪ መቀነሱ ላይ ደግሞ የረዳን ሌላ ሹፌር ነው። እኛ የጠየቅነው እንደድሮው እስከ እኩለ ሌሊት በየሰዓቱ እንዲሠራ ነበር። እሱ ነው የነገረን፣ ማታ ሥራ የጨረሰ አንድ አውቶብስ ባዶውን በእኛ መንገድ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። የውስጥ መብራቱን አጥፍቶ በፌርማታችን ያልፋል። መኪናው አለ፣ ሹፌሩ አለ፣ ነዳጁም ይቃጠላል። ጥያቄያችንን ቀየርነው፦ ይህን አንድ ጉዞ ትንሽ አዘግዩትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሺፍት የጨረሰውን ሰው ይዞ ይመለስ። ለካውንስሉ የጠየቅነው ገንዘብ በጣም ወረደ፣ ፊታቸውም ፈታ አለ። «አውቶብሳችንን አድኑልን» ከማለት ይልቅ «ይህቺን አንዷን ጉዞ በዚህ ሰዓት» ማለት እንደሚሻል ያየሁት ያኔ ነው። አንቺም የየዕለቱን ሹፌሮች አናግሪያቸው። ቢሮ ያለው ሰው የማያውቀውን ያውቃሉ።

ከዚያ ማስረጃ። ከኬር ሆሙ ሥራ አስኪያጅ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አውጪ፣ ይህ አውቶብስ ከቆመ የማታ ሠራተኛ አላገኝም የሚል። ብዙ አረጋውያን የሚጦሩት በካውንስሉ ገንዘብ ስለሆነ ጉዳዩ ዞሮ እሱኑ ይመታዋል። «መኪና ግዙ» ካሉሽም መልስ አለሽ። የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ እዚህ የሚያገለግለው ነዋሪ ከሆንሽ በኋላ ለ12 ወር ብቻ ነው፣ ከዚያ እንደ አዲስ መፈተን ነው።

በአውቶብሱ ተማሪዎች የሚሄዱበት ከሆነም እሱን አስቀድሚ። 8 ዓመት የሞላው ልጅ ቅርብ ያለው ተስማሚ ትምህርት ቤቱ ከ3 ማይል በላይ ከራቀው ካውንስሉ በነጻ የማድረስ ግዴታ አለበት። አውቶብሱ ከቆመ ታክሲ ሊከፍል ይችላል። ካውንስለራችን (የመረጥነው የካውንስል አባል) ወረቀት ማገላበጡን ትቶ ቀና ያለው ይህን ሲሰማ ነው።

አካባቢሽ አዲስ መንደር እየተሠራ ከሆነ ደግሞ «ሴክሽን 106» ብለሽ ጠይቂ። ቤት ሠሪ ኩባንያዎች ለፈቃዳቸው ሲሉ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም ለአውቶብስ ገንዘብ ለመስጠት ይዋዋላሉ። ውሉ ከፕላን ፋይሉ ጋር ለሕዝብ ክፍት ነው። ብዙ ጊዜ የመጠቀሚያ ገደብ ስላለው ሳይነካ ሊቃጠል ይችላል። በ2025 የወጣው የአውቶብስ ሕግም አለ፣ ለማኅበረሰቡ አስፈላጊ የሆኑ መስመሮች እንዲለዩ ይጠይቃል። ያንቺ መስመር ይገባበት እንደሆነ ጠይቂ።

ጊዜውን እወቂ። በጀት የሚጸድቀው በፌብሩዋሪና በማርች መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ ዓመቱ ኤፕሪል 1 ይጀምራል። በሜይ ገንዘብ ብትጠይቂ «የለም» ቢሉሽ አይገርምም፣ ተከፋፍሎ አልቋል። ጥያቄው በመኸር (ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር) መግባት አለበት። በካውንስል ስብሰባ ላይ ነዋሪ መናገር ይችላል፣ ቀድመሽ ትመዘገቢያለሽ፣ ብዙ ቦታ የሚሰጥሽ 3 ደቂቃ ነው። ሦስታችሁ ተመዝገቡ፣ አንድ ነገር አትድገሙ።

ደግሞ ብቻችንን አንሁን። የሐበሻ ጉዳይ ተደርጎ ከታየ ያበቃለታል። በእኛ ሰፈር ነገሩን የያዙት ጡረታ የወጡ እንግሊዛውያን ሴቶች ናቸው። ሻይና ብስኩት ይዘው ይሰበሰባሉ፣ የካውንስሉን ደንብ በቃላቸው ያውቃሉ፣ ካውንስለሮቹም ይፈሯቸዋል። እኛ የሺፍቱን ሰዓትና የሠራተኛውን ቁጥር አመጣን፣ እነሱ ጻፉት።

«በስልክ የሚጠራ ሚኒባስ እንተካላችሁ» ካሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። ለቀን ጉዞ ደህና ነው። ግን በአፕ ወይም በስልክ በእንግሊዝኛ መያዝ አለበት፣ ማታ የሚሠራበትም ቦታ ጥቂት ነው። እስከ ስንት ሰዓት፣ ካልመጣስ ማን ተጠያቂ ነው፣ ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

የእኛ ውጤት? የማታዋ ጉዞ ተመለሰች። የእሑድ ጠዋቱ አልሆነም። ለቅዳሴ በሌሊት የሚነሳው ሰው ብዙ ቢሆንም የሚመጣው ከየአቅጣጫው ነው፣ በአንድ መንገድ ላይ ሲቆጠር ጥቂት ሆነ። ቁጥሩ ፈረደብን። አሁን በየሰፈሩ መኪና ያለው ሌላውን እየጫነ ይሄዳል፣ የዘገየው ይቀራል።

ውል ካገኛችሁ የሚያበቃበትን ቀን ጠይቁና ያዙት። እነዚህ ውሎች ለዘላለም አይደሉም፣ ሲያልቁ እንደገና በዚያው ቁጥር ይመዘናሉ። አሁን ካውንስልሽ የቱ እንደሆነና የመጨረሻው አውቶብስ ስንት ሰዓት እንደነበር እዚሁ ጻፊልን። ደብዳቤውን በአማርኛ አርቅቂው፣ የሚተረጉም አይጠፋም።