«ቸስስ» ካለ ፒያስትራውን አስቀምጪው

እህቴ፣ «ጠዋት ጸጉሬን ታጥቤ ሥራ ስለሚረፍድብኝ፣ ትንሽ እርጥበት እያለው በፒያስትራ ብተኩሰው ችግር አለው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አለው። እኔ አድርጌው አይቻለሁ፣ ለዚያውም በአክስቴ ልጅ ሰርግ ቀን።

ማለዳ ታጥቤ ቤት ውስጥ ፎን እያደረግኩ መብራት ሄደ። ሲመጣ መኪናው ደጅ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል። ከላይ ዳሰስኩት፣ ደርቋል። ማጅራቴ ጋ ያለው ግን ገና ነበር። ፒያስትራውን ወደ 200 ዲግሪ ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። በያዝኩት ቁጥር ቸስስ ይላል፣ ነጭ ነገር ይወጣል። «እንፋሎት ነው፣ ምን ያደርጋል» አልኩ። አልዋሽሽም፣ ሰርጉ ላይ ጸጉሬ አምሮ ነበር። ሰው የማይማረውም ለዚህ ነው።

ጉዱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሳበጥር ማበጠሪያው ላይ ጣት የምታክል አጫጭር ጸጉር ትቀራለች። ከሥሩ የተነቀለ አይደለም፣ መሃል ላይ የተበጠሰ ነው። ደግሞ በብዛት ከማጅራቴ በኩል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጸጉር ሲታጠብ ውሃው ላዩ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ውስጡም ይገባል። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ ከፍታው ስላለ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ። ፒያስትራው ደግሞ ከ150 እስከ 230 ነው። ውስጥ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ልውጣ ሲል መውጫ ያጣና ዘለላውን ከውስጥ ይነፋዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውስጡ ክፍት ክፍት ያለ አረፋ ይመስላል። የቆዳ ሐኪሞችም ስሙን ከዚሁ ወስደው «የአረፋ ጸጉር» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥተውታል። አረፋው ያለበት ቦታ ደካማ ነው፣ ሲበጠር እዚያው ይቆረጣል። ትሪትመንትም ሆነ ቅቤ ያለሰልሰው ይሆናል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍነውም። እኔ በየሁለት ወሩ እያስቆረጥኩ ነው የተገላገልኩት።

አሁን ማታ ነው የምታጠበው። በፎጣ አላሽም፣ በአሮጌ ቲሸርት ጨመቅ ጨመቅ አደርገዋለሁ። ቢጎዲን ጠቅልዬ፣ ጊዜ ካለኝ ጸጉር ቤት ካስክ እገባለሁ፣ ከሌለኝ ሻሽ አስሬ አድራለሁ። ጠዋት ግማሹ ሥራ አልቋል። ፒያስትራ ከማንሳቴ በፊት ማጅራቴ ጋ ያለውን ገልጬ በእጄ ጀርባ እነካዋለሁ። ቀዝቀዝ ካለኝ አልደረቀም ማለት ነው፤ ጣት ያታልላል፣ የእጅ ጀርባ ግን ያውቃል። ያኔ ፎኑን ለብ አድርጌ ጥቂት ደቂቃ እጨምራለሁ።

ከሙቀት የሚከላከል ስፕሬይ ከተጠቀምሽ እሱም እስኪደርቅ ጠብቂ። ብዙዎቻችን ነፍተን ወዲያው እንተኩሳለን፣ ያ ጸጉሩን መልሶ ማርጠብ ነው። ቅባት ተቀብቶ መተኮስማ ተይው፣ መጥበስ ነው።

«እርጥብ ጸጉር ላይም ይሠራል» ተብለው የሚሸጡ፣ የእንፋሎት መውጫ ቀዳዳ ያላቸው ፒያስትራዎች አሉ። እነሱም ቢሆኑ በፎጣ ለተጨመቀ ጸጉር እንጂ ውሃ ለሚያንጠባጥብ አይደሉም። እኔ ከተቃጠልኩ ወዲህ አላምናቸውም፣ ይሄ ግን የራሴ ፍርሃት ነው።

ስስ ጸጉር ካለሽ 150 አካባቢ ይበቃሻል፣ ወፍራም ከሆነ 180። ትንሽ ትንሽ ይዘሽ አንዴ ቀስ አድርገሽ ሳቢው፣ አምስቴ አትመላልሺው። ሪላክሰር ወይም ቀለም ካለበት ግን ጻፊልኝ፤ እሱ ከዚህም ዝቅ ያለ ሙቀት ነው የሚፈልገው።