ማሽናችሁ ሉቃስን አያውቅም?

ውድ ወጣቶች፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ፣ ሥራ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ከስልኬ ዜና ሳነብ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አንዴ ሳቅኩ፤ ቆየት ብዬ ደግሞ ሳቅኩ። «ጋሼ፣ የቴክኖሎጂ ዜና ምኑ ነው የሚያስቅዎት? እኔን ባነበብኩት ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል። ነገ ሥራዬን የሚነጥቀኝ ማሽን ዛሬ የተወለደ ይመስለኛል» አለኝ። በዚያች ቅጽበት የሚረባ መልስ አልሰጠሁትም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የሁላችሁም እንደሆነ ተሰማኝና ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

በሙያችን ውስጥ መሳቅን ያስተማሩኝ የኮምፒውተር ሊቅ አይደሉም፤ አንድ አረጋዊ የግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ቀኑ ሰኞ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 1987 ዓ.ም. ነበር። እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበርኩ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት የንብረት ገቢና ወጪ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እንዲዞር ተወስኖ፣ ፕሮግራሙን ለሦስት ጽፈን ካስረከብን ጥቂት ወራት አልፈዋል። ከውጭ የሚመጡት ፕሮግራሞች ከአሥራ ሁለት ወር በላይ አይቆጥሩም ነበርና፣ የእኛው አሥራ ሦስት ወር በመቁጠሩ ትልቅ ኩራት ተሰምቶን ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ዕቃ ገባ። ኃላፊው የንብረት ገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን፣ ቆረጡና መረጃውን ሊያስገቡ ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት፤ እያንዳንዱን ፊደል ፈልገው አግኝተው፣ እርግጠኛ ሆነው ይጫኑታል። ቀን፣ 6። ወር፣ 13። ማሽኑ ጮኸ፤ ቀኑ የተሳሳተ ነው አለ። ደግመው ጻፉ፤ ደግሞ ጮኸ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ፤ ከዚያም ሰው ልከው አስጠሩን። ስንደርስ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቁን ነበር።

«ልጆች» አሉን፣ «ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነው። ዛሬ ጳጉሜን ስድስት ነው። ማሽናችሁ ሉቃስን አያውቅም?»

የጻፍነውን ከፍተን ስናየው ለአሥራ ሦስተኛው ወር የሰጠነው አምስት ቀን ብቻ ነው። በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሊያበቃ ሲል፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደምትሆን ከሦስታችን የማያውቅ አልነበረም። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ነገር ወደ ማሽኑ አላሻገርነውም። ባልደረባዬ ነገሩን ለሽማግሌው ሊያስረዳ ሞከረ። የፕሮግራም ስህተት በእንግሊዝኛ በነፍሳት ስም «ባግ» (bug) ተብሎ እንደሚጠራ፣ ድምፁም ከእኛ «በግ» ጋር አንድ ሊሆን ምንም እንደማይቀረው ታውቃላችሁ። «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ በግ አለ» አላቸው።

«በግ ከሆነማ ምን ትጠብቃላችሁ? ነገ እንቁጣጣሽ ነው፤ እረዱት!»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኛም አረድነው። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ከተረፈ ስድስት ቀን፣ ካልተረፈ አምስት ቀን፤ ማረሚያው አንድ መስመር ነበር። ከዚያ በኋላ ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ መዝገብ ገዛሁና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን፣ የሆነውን፣ ምክንያቱንና ያደረግነውን ጻፍኩ። ከጎኑ የሽማግሌውን ቃል እንዳለ አሰፈርኩት። ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ለማሽኑ ግን ማንም ያልነገረው ነገር ስህተት ሲያመጣ በእኛ ክፍል «ሉቃስ» ተባለ። «ይህ ሉቃስ ነው» ከተባለ ሁላችንም የት መፈለግ እንዳለብን እናውቃለን።

ከዓመታት በኋላ የዚያን የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክ ሳነብ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 በሚባለው ግዙፍ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ማሽኑ ሲበላሽባቸው ከፍተው ቢያዩ፣ በአንዱ ማብሪያና ማጥፊያ ውስጥ የሞተች የእሳት እራት አገኙ። አውጥተው የሥራ መዝገባቸው ላይ በፕላስተር ለጠፏትና ከሥሯ፣ ነፍሳት በእርግጥ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው ብለው ጻፉ። ቃሉ ከዚያ በፊትም ነበር፤ ቶማስ ኤዲሰን በ1870ዎቹ ይጠቀምበት ነበር። የሚያስቀውም ለዚህ ነው። መሐንዲሶች ለሰባ ዓመት ያህል በስም ብቻ ሲያሳድዱት የኖሩት ነፍሳት አንድ ቀን በአካል ተያዘ። በዚያ ማሽን ላይ ትሠራ የነበረችው ግሬስ ሆፐር ታሪኩን ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገረው ኖራለች፤ መዝገቡም ከነእሳት እራቱ ዛሬ በአሜሪካ በስሚዝሶንያን ሙዚየም ይገኛል።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። ጳጉሜን 4 ቀን 1939 ዓ.ም. ሆነ። 1939ን ለአራት አካፈልኩት፤ ሦስት ተረፈ። ዘመኑ ሉቃስ ነበር! ብቻዬን ተነሥቼ በክፍሉ ውስጥ ተዘዋወርኩ። ለማን ልንገረው? ሽማግሌው በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ እየሮጥኩ እሄድላቸው ነበር።

እንግዲህ የምላችሁ ይህን ነው። እነዚያ ሰዎች የእሳት እራቷን ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ሊጥሏት ይችሉ ነበር። ጥፋተኛ ፍለጋ ሊገቡም ይችሉ ነበር፤ «መስኮቱን ማን ከፈተው?» ተብሎ ስብሰባ የሚጠራበት መሥሪያ ቤት ገጥሞኛልና አውቀዋለሁ። እነርሱ ግን ሳቁና መዘገቡ። በዚህ ሙያ ጤነኛ ቤት ከታማሚ ቤት የሚለየው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስህተት የሚደበቅበት ቤት አይሳቅበትም፤ የማይሳቅበት ስህተት ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ዜናውን ስታነቡም እንዲሁ አድርጉ። ቀልዱ እስኪገባችሁ ድረስ አንብቡ። በበይነ መረብ የተፈለገው ገጽ ሲጠፋ 404 የሚል ቁጥር እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። 418 የሚባል ቁጥርም አለ። እ.ኤ.አ. አፕሪል 1 ቀን 1998፣ ፈረንጆች እርስ በርስ በሚሞኛኙበት ዕለት፣ ቡና ማፍያን በበይነ መረብ ለማዘዝ የሚያስችል ደንብ በመደበኛው የቴክኒክ ሰነድ ቅርጽ ወጣ። በራድን ቡና አፍላ ብላችሁ ብታዙት የሚመልስላችሁ ቁጥር 418 ነው፤ ትርጉሙም «እኔ በራድ ነኝ» ማለት ነው። መጀመሪያ ሳነበው እናቴ ትዝ አለችኝ። በበራድ ቡና አፍሉ ያላትን ሰው እንዴት አድርጋ እንደምታየው ስለማውቅ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ።

አሁን ቁጥሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በ4 የሚጀምሩት ቁጥሮች ጥፋቱ የጠያቂው ነው ማለት ነው፤ በ5 የሚጀምሩት ደግሞ የአገልጋዩ። ስለዚህ በራዱ 418 ሲል ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። እርሱ ምንም አልተበላሸም፤ የተሳሳተው ቡናውን ከበራድ ያዘዘው ሰው ነው። ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው የበለጠ ይጣፍጣል፤ ይህ የገባው ተማሪ ደግሞ የትኛውን ቁጥር መቼ መመለስ እንዳለበት ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቁጥሩ ከአንዳንድ ፕሮግራሞች ይውጣ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ተነሥተው ተሟገቱለት፤ ዛሬ ለሌላ ሥራ እንዳይውል ተጠብቆ ተቀምጧል። ከተሟጋቾቹ መካከል የእናንተ እኩዮች እንደነበሩ ሳነብ ልቤ ሞቀ።

ስለ ቡና ካነሳሁ የካምብሪጁን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ የነበሩ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት አንድ የቡና ማፍያ ነበር። ክፍላቸው ራቅ ያለው ሰዎች ደረጃ ወጥተውና ወርደው ሲደርሱ ማሰሮው ባዶ ሆኖ ያገኙታል። እኛ ብንሆን ቡና መፍላቱን የቁሌቱ ሽታ ይነግረን ነበር፤ ጎረቤት ካልመጣም ልጅ ተልኮ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ይላል። እዚያ የሚልክ የለም። ስለዚህ ካሜራ ተከሉ። ካሜራው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል የማሰሮውን ምስል እያነሳ ወደየጠረጴዛቸው ይልክ ጀመር፤ ምስሉ ትንሽ፣ ጥቁርና ነጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በድር ላይ ወጣ፤ የዓለም ሕዝብም ካምብሪጅ ውስጥ ቡና መኖር አለመኖሩን መመልከት ያዘ። ካሜራው በ2001 ሲጠፋ፣ ያ ተራ ማፍያ በጨረታ 3,350 ፓውንድ አወጣ።

ይህን ታሪክ የምወደው ሰዎቹ ዓለምን ለመለወጥ ስላልተነሡ ነው። አቦል ያመለጣቸው ሰዎች ቶናው እንዳያመልጣቸው አንድ ነገር ሠሩ፤ ዛሬ ቤታችሁ ሆናችሁ ዱባይ ያለችውን እህታችሁን ፊት ለፊት የምታዩበት መንገድ ከእንዲህ ያለ ጨዋታ ጋር ዘመድ ነው። እናንተ የምትሠሩበት ሕንፃም ኮሪደር አለው። እዚያ ኮሪደር ላይ ሰውን በየቀኑ የሚያሰለቸው ምንድን ነው? ከዚያ ጀምሩ። ማንም ያላዘዛችሁን፣ ደመወዝ የሌለውን፣ የሚያስቃችሁን ነገር በትርፍ ጊዜያችሁ ሥሩ። ጊዜ ማባከን ነው የሚሏችሁን አትስሟቸው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ መረጃን በእርግብ እግር አስሮ መላክ የሚያስችል ደንብ በዚያው በመሞኛኛ ቀን ወጥቶ ነበር። በ2001 በኖርዌይ በርገን ከተማ ያሉ ወጣቶች በእርግጥ ሞከሩት፤ ዘጠኝ መልእክት ልከው አራት መልስ አገኙ፤ ከሁሉ የፈጠነው መልስ ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ኔትወርኩ ዘገየ ብላችሁ ስትማረሩ አስቧቸው። የመልእክቱ ሥርዓት ከተሸካሚው የተለየ ነገር መሆኑን እንደዚያች እርግብ አድርጎ ያስረዳኝ መምህር የለም።

የማልስቅበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 ወደ ማርስ የተላከች የናሳ መንኩራኩር ጠፋች። አንዱ ቡድን ግፊቱን በእንግሊዛውያን መለኪያ በፓውንድ ሲያሰላ፣ ሌላው በሜትሪኩ በኒውተን እየጠበቀ ነበር። ብዙ ሰው ተሳለቀ። እኔ ግን ሁለት ሰዓት ሲባል ጠዋት ነው ወይስ ሌሊት ብሎ መጠየቅ የለመደ አገር ሰው ነኝ፤ በስድስት ሰዓት ልዩነት አውሮፕላን ያመለጠው ዘመድ የሌለው ማን ነው? የናሳ ኃላፊዎች በሰጡት ቃል ላይ ግን ያከበርኩት ነገር አለ። የአንድ ሰው ስህተት ሳይሆን፣ ስህተቱን ሊይዝ የሚገባው የማጣሪያ ሥርዓት አለመሥራቱ ነው ዋናው ጉዳይ የተባለው። ባልደረባችሁ ሲሳሳት በስህተቱ አብራችሁት ሳቁ። በእርሱ ላይ ግን አትሳቁ። ልዩነቱን ፊቱ ላይ ታነቡታላችሁ።

እንቅልፍ ለነሳህ ልጅ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልንገርህ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2023 ጎግል ባርድ የተባለውን ማሽኑን ሲያስተዋውቅ፣ ማሽኑ ከፀሐይ ሥርዓታችን ውጭ ያለች ፕላኔትን የመጀመሪያ ምስል ያነሳው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ነው ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ምስል ግን በ2004 በቺሊ ባለ ቴሌስኮፕ የተነሳ ነው። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ወዲያው አወቁት፤ የኩባንያው የገበያ ዋጋም በአንድ ቀን መቶ ቢሊዮን ዶላር ያህል ወረደ። ማን እንደሳቀ ልብ በል። የሳቁት ሰማዩን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የማያውቀው አንብቦ አመነ፤ ወይም አንብቦ ፈራ። ማሽኑ ያላየውን እንዳየ አድርጎ አሳምሮ ይናገራል፤ ያልጠረጠረ ደግሞ ይመነጠራል። አንተ የያዝካትን አንዲት ዘርፍ፣ ሂሳብም ሆነች እርሻ ወይም የንብረት አያያዝ፣ ከሥር ከመሠረቷ እወቃት። በዚያች ዘርፍ ማሽኑ ሲስት ቀድመህ የምትስቀው አንተ ትሆናለህ፤ ሥራህንም እንዲሁ በቀላሉ የሚነጥቅህ አይኖርም።

መዝገቡ ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ጠርዙ ተበልቷል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ቀለም ግን አልደበዘዘም። በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ጳጉሜን እንደገና ስድስት ቀን ትሆናለች። እስከዚያ ሳትቆዩ፣ በስልካችሁ ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ፣ የመሥሪያ ቤታችሁን የደመወዝ ፕሮግራም፣ ራሳችሁ የጻፋችሁትንም ዛሬ ማታ ክፈቱና ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ብላችሁ አስገቡ። ማሽኑ ምን እንዳላችሁ ጻፉልኝ፤ በመዝገቡ ላይ ባዶ ገጾች አሉኝ።