ከሲሚንቶው ሥር ወደ ጓዳ የሚገባው ጉንዳን

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ በደጃችን ሲሚንቶ ስንጥቅ ላይ የደቀቀ አፈር ተቆልሎ አያለሁ። አሁን ደግሞ ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ጉንዳኖች በጓዳው ግድግዳ ሥር ተሰልፈው የተነጠረ ቅቤ ወደማስቀምጥበት መደርደሪያ ይሄዳሉ። በሚነፋ መድኃኒት ብፈጃቸውም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ። ባለቤቴ ምስጥ እንዳይሆኑ ይሰጋል፤ መዳህ የጀመረ ሕፃንም አለን። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የባለቤትዎን ስጋት እናስቀድም። ምስጥ ወገቡ ወፍራም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ክንፍ ሲያወጣም አራቱ ክንፎቹ እኩል ይረዝማሉ። ጉንዳን ግን ወገቡ ቀጭን፣ አንቴናው እንደ ክርን የታጠፈ፣ የፊት ክንፉም ከኋለኛው የሚበልጥ ነው። ምስጥ የሚበላው እንጨት ስለሆነ ቅቤ ፍለጋ አይሰለፍም።

የገለጹልን ምልክቶች ሁሉ፣ በተለይም በስንጥቁ ዳር የሚቆለለው አፈርና ቅባት መውደዳቸው፣ በአሜሪካ ከተሞች እጅግ የተለመደውን የእግረኛ መንገድ ጉንዳን ያመለክታሉ። ሳይንሳዊ ስሙ ቴትራሞሪየም ኢሚግራንስ የሆነው ይህ ጉንዳን የመጣው ከአውሮፓ ሲሆን፣ አትላንቲክን የተሻገረው ለመርከብ ሚዛን መጠበቂያ ከሚጫን አፈር ጋር እንደሆነ ይታመናል። ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በማጉያ መነጽር ቢመለከቱት ራሱና ደረቱ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች፣ ወገቡ ላይም ሁለት ትናንሽ ጉብታዎች ያያሉ። በጸደይ ወራት የሁለት ጎረቤታም ጎጆ ጉንዳኖች በሺዎች ሆነው መንገድ ላይ ሲጋደሉ ካዩ፣ ይኸው ጉንዳን ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምልክት አይገኝም። ከዚህ ለይተው ሊያውቁት የሚገባው፣ ከ6 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሚደርሰውን፣ እንጨት ውስጥ ጎጆ የሚቦረቡረውንና የእንጨት ብናኝ የሚጥለውን ትልቁን ጉንዳን ነው፤ እሱ ቤት ስለሚጎዳ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ የሚነፋውን መድኃኒት ዛሬውኑ ያቁሙ። ጓዳዎ ውስጥ የሚያዩዋቸው ምግብ ፍለጋ የወጡ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። እንቁላል የምትጥለው ንግሥት ሲሚንቶው ሥር ስላለች የሞቱትን መተካቷን ትቀጥላለች። ሊጠፉ የሚችሉት ሠራተኞቹ ራሳቸው መርዙን ተሸክመው ወደ ጎጆ እንዲያስገቡት ሲደረግ ነው። በመደብሮች «አንት ቤይት» ተብሎ የሚሸጠው ማባበያ ለዚህ የተሠራ ነው። ቦሪክ አሲድን የመሰለ ቀስ ብሎ የሚገድል መርዝ ከምግብ ጋር ተቀላቅሎበታል፤ ሠራተኞቹም የበሉትን ከአፍ ወደ አፍ ለእጮቹና ለንግሥቲቱ ያካፍላሉ።

ይህ ጉንዳን ጣፋጭም ቅባትም ስለሚበላ፣ ከመግዛትዎ በፊት በካርቶን ቁራጭ ላይ ጥቂት ማርና ጥቂት የኦቾሎኒ ቅቤ ለየብቻ አድርገው መስመራቸው አጠገብ ያኑሩና ወደየትኛው እንደሚበዙ ይመልከቱ። ማባበያውንም በዚያው መሠረት ይምረጡ። ቦሪክ አሲድ ከስኳር ውኃ ጋር በቤት የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ፤ የሚድህ ሕፃን ባለበት ቤት ግን ይህን ፈጽሞ አንመክርም። በፕላስቲክ የተዘጋውን ይግዙ፤ ሕፃኑ በማይደርስበት፣ ለምሳሌ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ በማጣበቂያ ያስሩት። የማሸጊያውን መመሪያ ሳያነቡ አይጠቀሙ። ሕፃኑ ነካክቶት ከሆነ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ስልክ 1-800-222-1222 ሌሊትና ቀን ይሠራል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉንዳኖቹ ከቀድሞው በዝተው ቢታዩ አይደንግጡ፤ መርዙን እየወሰዱ ነውና አይግደሏቸው፣ መስመራቸውንም አይጥረጉ። ማባበያው ሲያልቅ ወይም ሲደርቅ ይተኩት፤ ሥራው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሌላ የሚበላ ነገር እንዳያገኙ ቅቤውንና ማሩን በጥብቅ ክዳን ይዝጉ፣ የዳቦ ቆሎ ፍርፋሪውንም በየዕለቱ ያንሱ። ዘርም ስለሚሰበስቡ የፈሰሰ ጤፍ መሬት ላይ አይቆይ። ሰልፉ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ መንገዳቸውን በሳሙና ውኃ አጥበው፣ የግድግዳውንና የቧንቧ መግቢያውን ስንጥቅ በሲሊኮን ይድፈኑ። በውጭ በኩል ከግድግዳው ጋር የተጠጋውን ድንጋይና የእንጨት ፍቅፋቂ ያርቁ።

ቤቱ የኪራይ አፓርታማ ከሆነ ደግሞ የአፈሩን ቁልልና የጉንዳኖቹን ሰልፍ ፎቶ አንስተው ለሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ ያመልክቱ፤ አንድ የሲሚንቶ ወለል ከሚጋሩት ጎረቤቶችዎ ዘንድም ጉንዳኖቹ ገብተው ሊሆን ስለሚችል ማባበያው በሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ቢቀመጥ ይመረጣል።