ወንበሩ ለምን ወለል ውስጥ ሰመጠ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም በድረ ገጽ በኩል ስለሚከፈት ኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ማለትም 3ዲ ዕቃን ካሜራው በሚያሳየው እውነተኛ ቦታ ላይ እንዳለ አድርጎ ስለሚያሳይ ቴክኖሎጂ የተላኩ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የአንድ ወንበር 3ዲ ሞዴል ድረ ገጻችን ላይ አስገብተን፣ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጠውን ኮድ ዌብኤክስአር በተባለው የብራውዘር ቴክኖሎጂ ራሳችን ጻፍን። ስክሪን ላይ ሲሽከረከር ያምራል። «ክፍልዎ ውስጥ ይዩት» የሚለውን አዝራር ስንነካ ግን አንዱ ወንበር ጭራሽ አይታይም፣ ሌላው እስከ መቀመጫው ወለል ውስጥ ሰምጦ ይወጣል። ኮዱን ደጋግመን ብናየውም ስሕተት አጣንበት።

መልስ፦ ኮዱን ለጊዜው ተዉት፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት የሞዴሉ ፋይል ነው። ጂኤልቲኤፍ የተባለው የ3ዲ ፋይል ዓይነትም ሆነ ሁሉን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ የሚይዘው ጂኤልቢ ርዝመትን የሚለኩት በሜትር ነው። ሞዴሉ በሴንቲሜትር ተሠርቶ ቁጥሩ ሳይለወጥ ከወጣ፣ ቁመቱ 90 ሴንቲሜትር የነበረ ወንበር 90 ሜትር ይሆናል። እናንተ የቆማችሁት ከግዙፉ ወንበር ሥር፣ በእግሮቹ መካከል ነው፤ ምንም ያልታያችሁም ለዚህ ነው። ስክሪን ላይ ያልነቃችሁበት ምክንያት ደግሞ ብዙዎቹ የ3ዲ ማሳያዎች የመጣላቸውን ሞዴል ሁሉ በመስኮቱ ልክ አሳንሰው ወይም አሳድገው ስለሚያሳዩ ነው።

ብሌንደር በተባለው የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ሞዴሉን መርጣችሁ የ«ኤን» ቁልፍን ተጫኑ። በቀኝ በኩል በሚከፈተው ሰሌዳ ላይ «ዳይሜንሽንስ» በሚለው ሥር ቁመቱ 0.9 ሜትር ብሎ መነበብ አለበት። እዚያው ያለው «ስኬል» በሦስቱም አቅጣጫ 1 ካልሆነ፣ ኮንትሮልና «ኤ»ን አንድ ላይ ተጭናችሁ «ስኬል»ን ምረጡ፤ ከዚያ ፋይሉን እንደገና አውጡት። በነገራችን ላይ ወንበሩ በጀርባው ተንጋሎ ከመጣ ሌላ ነገር ነው፦ ብሌንደር ወደ ላይ የሚለው «ዜድ»ን ሲሆን ጂኤልቲኤፍ «ዋይ»ን ነው፤ ፋይሉ ሲወጣ የሚቀይረው ምርጫ ጠፍቶ ይሆናል።

የሰመጠው ወንበር ጣጣው የመነሻ ነጥቡ ነው። ስልኩ ጣታችሁ ያመለከተውን የወለል ቦታ ሂት ቴስት በሚባለው ፍለጋ ያገኝና ኮዳችሁ የሞዴሉን መነሻ ነጥብ እዚያ ላይ ያሳርፋል። ነጥቡ ያለው በወንበሩ ወገብ ላይ ከሆነ ግማሹ ከወለል በታች መሆኑ የግድ ነው። ነጥቡን በአራቱ እግሮች መካከል፣ የእግሮቹ ጫፍ ወለል በሚነካበት ከፍታ ላይ አድርጉት።

ይህን ካስተካከላችሁ በኋላ ወንበሩ ስትራመዱ ቀስ እያለ የሚንሸራተት ከሆነ ያኔ ወደ ኮዱ ተመለሱ። ስልኩ የት እንዳለ የሚያውቀው ካሜራው ውስጥ የሚያያቸውን ጎልተው የሚለዩ ነጥቦች ከእንቅስቃሴ ሴንሰሮቹ ጋር እያገናዘበ ነው። በየጊዜው ግምቱን ያርማል፤ ባረመ ቁጥር በቦታ መለኪያ ቁጥር ብቻ የተቀመጠ ዕቃ ከቦታው ይዛነፋል። መፍትሔው ወንበሩን ከአንከር፣ ማለትም ስልኩ ከሚከታተለው ነጥብ ጋር ማሰር ነው፤ ስልኩ ግምቱን ሲያርም የአንከሩንም ቦታ አብሮ ያርማል። አንድ ቀለም ያለው የሚያብረቀርቅ ወለልና መስታወት ላይ ግን የሚለይ ነጥብ ስለማይገኝ ምንም ኮድ አያድንም። ለተጠቃሚው «ስልክዎን ቀስ ብለው ወደ ጎን ያንቀሳቅሱ» የሚል መመሪያ አሳዩት። ባሉበት ቆሞ ስልኩን ማዞር አይበቃም፤ ርቀት የሚታወቀው አንዱን ነጥብ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች በማየት ነው።

ጥያቄ፦ በአንድሮይድ ክሮም የሚሠራው ገጽ አይፎን ላይ ዝም ይላል። ክሮምን አይፎን ላይ ብንጭንስ?

መልስ፦ ለውጥ የለውም፤ አይፎን ላይ ያለው ክሮም ከውስጥ የሚሠራበት ሞተር የሳፋሪው ዌብኪት ነው፣ ሳፋሪ ደግሞ አይፎን ላይ የዌብኤክስአር ኦግመንትድ ሪያሊቲ አይከፍትም። አፕል ከአይኦኤስ 12 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ፣ የሚያቀርበው ሌላ መንገድ ኩዊክ ሉክ ይባላል፤ የሚቀበለውም ዩኤስዲዜድ የተባለ ፋይል ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሰናከለው በሦስት ትንንሽ ነገሮች ነው። ሊንኩ «ሬል» በሚለው ባሕርዩ «ኤአር» መባል አለበት፣ በውስጡም በቀጥታ ምስል መኖር አለበት፤ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ አይሠራም። ሰርቨሩ ፋይሉን ሲልክ ትክክለኛውን የፋይል ዓይነት ካልነገረ ብራውዘሩ ከማሳየት ይልቅ ሊያወርደው ይችላል። ዩኤስዲዜድ ዚፕ ቢሆንም ያልታመቀ ዚፕ ነው፣ በውስጡ ያለው የእያንዳንዱ ፋይል መረጃም በ64 ባይት ብዜት ላይ መጀመር አለበት፤ ስለዚህ ፎልደሩን በተለመደው የዚፕ መሣሪያ አምቆ ስሙን መቀየር ዋጋ የለውም።

ለአንድ ዕቃ ማሳያ ብቻ ከሆነ የጉግልን «ሞዴል ቪውወር» ተጠቀሙ። ለአንድሮይድ ጂኤልቢውን፣ ለአይፎን ዩኤስዲዜዱን ስትሰጡት እንደ ስልኩ መንገዱን ራሱ ይመርጣል። ዩኤስዲዜዱን ባትሰጡት እንኳ ከጂኤልቢው ሠርቶ ያቀርባል፤ ለቀላል ሞዴል ይበቃል።

ጥያቄ፦ አዝራሩ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ሰዎች ጋ ሲደርስ አይሠራም። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።

መልስ፦ ጨርሶ የማይሠራ ከሆነ ገጹ በኤችቲቲፒኤስ መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ሎካልሆስት፣ ማለትም ከራስዎ ኮምፒውተር የሚከፈት ገጽ፣ ብቻ ከዚህ ነጻ ነው፣ በእርስዎ ኮምፒውተር የሠራውም ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ገጹ በሌላ ድረ ገጽ አይፍሬም ውስጥ ከገባ ደግሞ የአይፍሬሙ «አላው» ባሕርይ «ኤክስአር-ስፓሻል-ትራኪንግ» የሚለውን መፍቀድ አለበት።

አንዳንዴ የሚሠራ አንዳንዴ የማይሠራ ከሆነ ጥርጣሬያችን ወደ ኮዱ ቅደም ተከተል ነው። ብራውዘሩ ዌብኤክስአርን የሚያስጀምረው ሰው አዝራር ከነካ ብቻ ነው፣ የንክኪው ፈቃድም ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይወድቃል። አዝራሩ ሲነካ መጀመሪያ ሞዴሉን አውርዶ ቀጥሎ ፈቃድ የሚጠይቅ ኮድ ፈጣን ኢንተርኔት ላይ ያልፋል፣ ዘገምተኛ ላይ ይወድቃል። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፤ ሞዴሉ አስቀድሞ ይውረድ፣ አዝራሩም ከዚያ በኋላ ብቻ ይታይ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ገጽ ስከፍት የቤቴን ውስጥ ያያል?

መልስ፦ በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ገጹ በሄደበት መንገድ ይለያያል፣ ልዩነቱንም ከሚጠየቁት ፈቃድ መለየት ይችላሉ።

ኩዊክ ሉክ ሲከፈት ስልኩ ራሱ ነው ከገጹ ውጭ የሚያሳይዎት፤ ስለ ክፍልዎ ወደ ገጹ የሚሄድ ነገር የለም። በዌብኤክስአር ደግሞ ብራውዘሩ የካሜራውን ምስል ከሞዴሉ ጋር ራሱ ያዋሕዳል እንጂ በተለመደው አሠራር ምስሉን ለገጹ አያስረክብም። ይህ ማለት ግን ገጹ ምንም አያውቅም ማለት አይደለም። ስልክዎ በእያንዳንዱ ቅጽበት የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ፣ ወለሉና ጠረጴዛው በምን ከፍታ ላይ እንደሆኑ ይደርሰዋል። የጥልቀት መረጃ ከፈቀዱለት የክፍልዎን ቅርጽ መገመት ይችላል። በራስ ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ ከሆነ የጭንቅላትዎን ከፍታ ከወለሉ ስለሚያውቅ ቁመትዎንም ይገምታል። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ መረጃ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ የታተመ ምልክት ወይም ፊት ፈልጎ በላዩ ላይ የሚስል ገጽ ነው። እዚህ የካሜራው ምስል በቀጥታ ለገጹ ኮድ ይሰጣል፤ ኮዱ ከፈለገ ወደ ሰርቨር ሊልከው ይችላል። ስለዚህ ብራውዘርዎ የጠየቀዎት የአካባቢዎን 3ዲ ካርታ ለመሥራት ከሆነ የሚሰጡት ቅርጽ ነው፤ ካሜራ ለመጠቀም ከሆነ ግን ምስል ነው። በማያምኑት ገጽ ሁለተኛውን አይፍቀዱ።

ለሠሪዎችም አንድ ቃል፦ ወንበር ለማስቀመጥ ሂት ቴስትና አንከር ይበቃሉ። ለማያስፈልጋችሁ ነገር ፈቃድ አትጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሞዴላችን 6 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ታዲያ ስልኩ ለምን ይግላል፣ ገጹስ ለምን በራሱ ይዘጋል?

መልስ፦ 6 ሜጋባይት የሚወርደው መጠን ነው። ጄፔግ የሆነ ቴክስቸር፣ ማለትም ሞዴሉን የሚያለብሰው ምስል፣ ወደ ግራፊክስ ሜሞሪ ሲገባ ይዘረጋል፣ እያንዳንዱ ፒክሰልም 4 ባይት ይይዛል። 4096 በ4096 የሆነ አንድ ቴክስቸር 64 ሜጋባይት ነው፤ ለርቀት የሚዘጋጁት ትንንሽ ቅጂዎቹ አንድ ሦስተኛ ሲጨምሩበት 85 ይደርሳል። እንዲህ ያለ አምስት ካላችሁ ከ400 ሜጋባይት በላይ ወሰዳችሁ። ወደ 2048 ብታወርዱት ሩብ ብቻ ይቀራል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። ኬቲኤክስ2 የተባለው የቴክስቸር ፋይል ዓይነት ደግሞ ግራፊክስ ሜሞሪ ውስጥም ታምቆ ይቆያል። ድራኮ የተባለው ማመቂያ የሚያሳንሰው የሚወርደውን የቅርጽ መረጃ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ችግር አይረዳም።

ጥያቄ፦ የኦግመንትድ ሪያሊቲ መነጽሮች ሲስፋፉ ድረ ገጽ የሚባለው ነገር ይቀር ይሆን?

መልስ፦ አይመስለንም። ድረ ገጽን ወደ 3ዲ ዓለም የመለወጥ ሐሳብ በእ.ኤ.አ. 1994 ቪአርኤምኤል ከተባለው የ3ዲ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ ጀምሮ ነበረ። ሞዚላ በ2014 የዌብኤክስአርን ቀዳሚ፣ ዌብቪአርን አስጀመረ፤ ክሮም በ2019 መጨረሻ ዌብኤክስአርን፣ በ2020 ደግሞ የኦግመንትድ ሪያሊቲውን ክፍል ለሁሉም ከፈተ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሰው አሁንም የሚያነበው ጠፍጣፋ ገጽ ነው፤ ምክንያቱም ጽሑፍ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይመቻል። በኢንች 460 ፒክሰል ያለው ስልክ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ በአንድ ዲግሪ የእይታ ማዕዘን 95 ገደማ ፒክሰል ይሰጣል፤ በራስ ላይ የሚጠለቀው ክዌስት 3 ግን 25 ገደማ። በክዌስቱ 2 ሜትር ርቀት ላይ የተንጠለጠለ ባለ 2 ሴንቲሜትር ፊደል 14 ፒክሰል ብቻ ይደርሰዋል። የግዕዝ ፊደል አንገቱና እግሩ ላይ ባሉ ትንንሽ ጭረቶች ስለሚለይ ከዚህ ካነሰ «ሉ»ን ከ«ሊ» መለየት ያስቸግራል።

የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ገጹ እንዳለ ሆኖ በውስጡ ያለው ዕቃ ከገጹ መውጣት ይጀምራል። ለዚህ ደግሞ ሊንክን የሚያህል ነገር የለም፤ አንድ ወንበር ለማየት መተግበሪያ የሚጭን ሰው አይገኝም። በዚህ ረገድ ተስፋ የምንጥልበት አፕል ያቀረበው «ሞዴል» የተባለ የኤችቲኤምኤል ኤለመንት ነው። ልክ እንደ ምስል የፋይሉን አድራሻ ይሰጡታል፣ ሥዕሉን ብራውዘሩ ራሱ ለሁለቱም ዓይን ይስላል። የአንባቢው ጭንቅላት ወዴት እንደዞረ ለገጹ መንገር ሳያስፈልግ ወንበሩ በጥልቀቱ ይታያል።