«ሽማግሌው ማን ይባላሉ?»

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር የተለመደችው ወንበሬ ላይ ነበርሁ። ቡናዬ ገና አልቀረበም። አንዲት ልጅ መጣችና «ጋሼ፣ ረጅም ልቦለድ ጽፌያለሁ፤ ፎቶዎችም አሉኝ። ለአንዲት ትንሽ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ልልክ ነው። ልቦለዱን ልቁረጠው ወይስ እንዳለ ይሂድ?» አለችኝ። ስልኳ ላይ አንዱን ፎቶ አሳየችኝ። ውኃው ዳር ዓሣ የምትጠብስ ሴት ናት። ጭሱ ግማሽ ፊቷን ጋርዶታል። ጥሩ ፎቶ ነው።

«ሴትዮዋ ማን ትባላለች?» አልኋት።

«እኔ እንጃ» አለች።

ያን «እኔ እንጃ» ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ነው። የግል ጋዜጣን የፈቀደው የፕሬስ አዋጅ የወጣው በ1985 ስለሆነ ነገሩ ገና ትኩስ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈልቷል። ብዙው ደግሞ ብቅ ብሎ ይከስማል። እኔ የ24 ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ከዘመድ የተዋስሁት ካሜራ አለኝ። አንድ ባለ 36 ፊልም ገዝቼ ወር እቆጥበዋለሁ። እናንተ ዛሬ አንዲት ማኪያቶ ብቻ 36 ጊዜ ታነሣላችሁ።

ያኔ ዳርቻው እንደ አሁኑ በካፌ አልተሞላም። ከዘጌ ማገዶና ቡና የጫኑ ታንኳዎች መጥተው ይራገፋሉ። እኔ የምቀመጠው ታንኳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተመላለስሁ። ታንኳው የሚጠፈርበት የሐይቅ ዳር ቄጠማ፣ ደንገሉ፣ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። እሳቸው አንድ እቅፍ ያነሡና በጉልበታቸው ተጭነው፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ይጠፍሩታል። ሲጠብቅ ደንገሉ ሲጥ ይላል። «ይሄ ስንት ጊዜ ያገለግላል አባባ?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ውኃ እስኪጠግብ ነዋ!» አሉ። እውነትም ታንኳ ከውኃ ወጥታ ፀሐይ ካላገኘች እየከበደች ትሄዳለች። ቆሏቸውን በልቻለሁ። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ካሜራዬን በጋቢያቸው ሸፍነው እሳቸው ተደበደቡ። ፎቶ ሳነሣቸውም አልተቆጡም። «ለእኔስ መቼ ታመጣልኛለህ?» ብቻ አሉኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት» አልሁ።

ፊልሙን አሳጠብሁ። ስለ አንድ ታንኳ ሠሪም ረጅም ታሪክ ጻፍሁ፤ በእጅ ጽሑፍ 71 ገጽ። ኮፒ የለው፣ ምን የለው። ያንኑ አንዱን፣ ከነፎቶው ከነነጋቲቩ፣ በካኪ ፖስታ አሽጌ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ። አውቶቡሱ ደብረ ማርቆስ አድሮ በማግስቱ ነው የሚገባው። ሰውዬው ዓባይ በረሃን ያቋረጠው ፖስታዬ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ በኋላ እየሳቀ ነገረኝ። ይሁን፤ ደርሷል።

በሁለተኛው ወር መልስ መጣ። በታይፕ የተመታ አንድ ገጽ። አዘጋጁ ታሪኩን ወዶታል። «ነገር ግን መጽሔታችን ማስታወቂያውን ጨምሮ ራሷ 48 ገጽ ናት» ይላል። ወይ ወደ ሲሶው ላሳጥረው፣ ወይ ለሦስት እትም ተከፋፍሎ ይውጣ። ከሥሩ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ሽማግሌው ማን ይባላሉ? ከፎቶው ሥር የምንጽፈው ስም የለንም።»

አላውቅም። ሁለት ሳምንት ቆሏቸውን በልቼ ስማቸውን አልጠየቅሁም። «አባባ» ነበር የምላቸው። ሄዶ መጠየቅ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። አልሄድሁም። እኔን ያንገበገበኝ የስሙ ነገር ሳይሆን ሲሶው ነው። ማን ሆኖ ነው የእኔን ጽሑፍ የሚቆርጠው? ኩራቴ እንደዚያ ነበር። መልስ ሳልሰጥ አራት ወር አለፈ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ስሄድ ቢሮው ተቆልፏል። ጥበቃው «እነሱማ ለቀቁ» አለኝ። 71ዱ ገጽም፣ ፎቶውም፣ ነጋቲቩም የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልቦለዱ ይቅር። አሁን ሳስበው አዘጋጁ ልክ ነበር፤ ሲሶውም ይበዛበታል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በዓመቱ አንድ ወጣት ቤቴን አፈላልጎ መጣ። ግባ ብለው እንቢ አለ። «አባቴን ፎቶ ያነሣሃቸው አንተ ነህ አሉኝ» አለ። አርፈዋል። ሌላ ፎቶ የላቸውም። ዋጋውን ሊከፍለኝ ብር በመሐረብ ቋጥሮ ይዟል። ቋጠሮውን እንጂ ፊቱን ማየት አልቻልሁም። ምን እንዳልሁትም አላስታውስ። የሽማግሌውን ስም የሰማሁት ያን ቀን ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ ልጁን አላስፈቀድሁም።

ከዚያ ወዲያ እኔው ራሴ የሰው ጽሑፍ ቆራጭ ሆኜ አረጀሁ። ስለዚህ ልጅቷ ለጠየቀችኝ መልስ አለኝ። ትንሽ መጽሔት ገጽ የምትቆጥረው ንፉግ ሆና አይደለም። መሐሏ በሽቦ የምትሰፋ መጽሔት በአራት በአራት ገጽ ነው የምትጨምረው፤ አንድ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናላ። ልቦለድሽ በአንዲት ገጽ ቢያልፍ ለእነሱ የአራት ገጽ ወጪ ነው። ስንት ቃል እንደሚቀበሉ አስቀድመሽ ጠይቂ። ካለፈ፣ ራሱን ችሎ የሚቆም ምዕራፍ ምረጪና ላኪ። ሙሉውን ግን ለማንም ብለሽ አትጨምቂው። ቅድም አዘጋጁ ልክ ነበር አላልሁም? ብያለሁ። ሁለቱንም አምናለሁ፤ አስታርቂያቸው።

ፊደል አርሙ፣ ኮፒ ያዙ የሚለውን አልደግምላችሁም። ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ ግን እንደ ፋይል ይሁን፤ አለዚያ ይጨመቃል። ለኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ይፈለጋል። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ፎቶ ወደ 1,800 ፒክስል መሆኑ ነው። ስልካችሁ ከበቂ በላይ ያነሣል። ፊልተሩን ተዉት። ክረምት ላይ የተነሣን ጣና ሰማያዊ አድርጋችሁ ስታመጡ ያመኛል። ደፍርሶ ከሆነ ደፍርሶ ይታይ።

አንድ ጽሑፍ ለሰባት ቦታ በአንድ ጊዜ ልካችሁ በሦስተኛው ቀን «ምነው ጠፋችሁ?» የምትሉትም ነገር አይገባኝም። እርግጥ አራት ወር ዝም ያለ ሰው በዚህ ላይ አፉን ቢይዝ ይሻላል።

የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለልቦለድ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይሰጠዋል። ለፎቶ ግን ከተነሣ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ። የእኔ ፎቶ ዛሬ ከአንዱ መሳቢያ ቢገኝ እንኳ ጊዜው አልፎበታል። ብቻ ይገኝ እንጂ።

አንቺ ልጅ፣ ይህን ካነበብሽ መጀመሪያ ሴትዮዋ ዘንድ ሂጂ። ፎቶውን አሳትመሽ ያዢላት። ስሟን ጠይቂያት፤ እንዲወጣ ትፈቅድ እንደሆነም። ቆረሶ የሚባለው ዓሣ ካላት ለእኔም አንድ አስጠብሺ። ከዚያ ቅዳሜ ልቦለድሽን ይዘሽ ነይ። በወረቀት ይሁን፤ ስልክ ላይ ማንበብ ዓይኔ እምቢ ብሏል።